ስለ ኮልካታው የቪክቶሪያ መታሰቢያ የሚባለውና እውነቱ

ወደ ሕንዷ ከተማ ኮልካታ ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠቆመው ከማይዳን ሜዳ በስተደቡብ የቆመው ነጭ የእብነ በረድ ሕንፃ ነው። ስለ እሱ የሚነገረው ግን ብዙ የተዛባ ነገር አለበት። ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

«እንግሊዞች ለሕንድ የሰጡት ስጦታ ነው።»

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ይህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1901 ሲያርፉ መታሰቢያ ይሠራላቸው ያለው የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ነው። ከ10 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የፈጀው ወጪ ግን የተሸፈነው ከሕንድ መሳፍንትና ከሕዝቡ በተሰበሰበ መዋጮ ነው። መዋጮው በፈቃደኝነት የተሰጠ ነው ይባላል፤ የአገሩ ገዢ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ለመሳፍንቱ ቀላል ነበር ብዬ ግን አላምንም። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በጥር 1906 ነው። ከርዘን ኮልካታ ያለችበትን የቤንጋልን ግዛት ለሁለት ከከፈለ ገና ሦስት ወር አልሞላም፤ ሕዝቡም ተቆጥቶ የእንግሊዝ ጨርቅ አልገዛም ብሎ ነበር።

«እንደ ታጅ ማሃል መቃብር ነው።»

አይደለም። ንግሥቲቱ የተቀበሩት እንግሊዝ አገር፣ ዊንዘር ነው፤ ሕንድን በእግራቸው ረግጠው አያውቁም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ከራጃስታን፣ ከማክራና የተፈለጠው እብነ በረድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው ቪክቶሪያ እኚሁ ናቸው፤ መቅደላ የዘመተውም ጦር ከቦምቤይ ነበር የተነሣው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በግቢው ውስጥ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን የነሐስ ሐውልት በባዕድ ዓይን ብቻ አያየውም።

«የእንግሊዝ ኃይል በገነነበት ጊዜ ተመረቀ።»

በታኅሣሥ 1921 ሲመረቅ ከተማዋ ዋና ከተማነቷን ለዴልሂ ካስረከበች ዓመታት አልፈዋል። ሊመርቅ የመጣውን የዌልስ ልዑል ኤድዋርድን ከተማዋ ሱቆቿን ዘግታ ነው የተቀበለችው፤ የጋንዲ ያለመተባበር ንቅናቄ የተፋፋመበት ወቅት ነበር።

«ውስጡ የነገሥታት ሥዕል ብቻ ነው።»

የከተማዋን ታሪክ የሚያሳየውን አዳራሽ ሳያዩ እንዳይወጡ። ሩሲያዊው ቬሬሽቻጊን የሣለው፣ በ1876 የያኔው የዌልስ ልዑል በዝሆን ሆኖ ጃይፑር ሲገባ የሚያሳየው ግዙፍ ሸራም ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል።

ጉልላቱ ላይ ያለችው ባለ ክንፍ የድል ምስል ደግሞ ብዙዎች እንደሚመስላቸው አንድ ቦታ የተቸነከረች አይደለችም፤ ከነፋሱ ጋር እንድትዞር ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ ሰኞ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የአትክልት ስፍራውን ብቻ ነው።