ፒንጊኩላ፦ ቅቤ የተቀባች የምትመስል ነፍሳት በል ተክል

ፒንጊኩላን ያየ ሰው ነፍሳት ትበላለች ብሎ አይጠረጥርም። መሬት ላይ ክብ ሠርተው የተኙ ለስላሳ ቅጠሎች አሏት። ከመሃላቸው በቀጭን ዘንግ ላይ ሐምራዊ አበባ ብቅ ይላል። ቅጠሉን በጣት ነካ ሲያደርጉት ግን ያጣብቃል። ስሟ «ፒንጉዊስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ጮማ፣ ስባም እንደማለት። ቅጠሉ በእርግጥም ቅቤ የተቀባ ይመስላል።

በቅጠሉ ላይ ሁለት ዓይነት እጢዎች አሉ። ዘንግ ያላቸው የሚያጣብቀውን ጠብታ ያወጣሉ። ቅጠሉ ላይ ልጥፍ ያሉት ደግሞ የተያዘውን ነፍሳት የሚያሟሟ ኢንዛይም ይለቃሉ። በድሃ አፈር ላይ የምትበቅል ተክል ናይትሮጅኗን የምትሞላው እንዲህ ነው። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ነፍሳት በል ተክሎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቅጠሉ ጠርዝ በተያዘው ነገር ላይ ቀስ ብሎ እንደሚጠቀለል ጽፏል። ስካንዲኔቪያውያን በበኩላቸው ቅጠሏን ወተት ለማርጋት ይጠቀሙባት ነበር። ነፍሳት በምትበላ ተክል እርጎ መሥራት ለማን እንደታየው እንጃ!

በዓለም ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏት። ግማሽ ያህሉ የሚገኙት በሜክሲኮ ነው፤ የአብዛኛው አሳዳጊ ልብም እዚያው ነው። ጂፕሲኮላ የምትባለው በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ግዛት በጄሶ ድንጋይ ላይ ትበቅላለች። የኦዋሃካዋ ላዌአና ደማቅ ቀይ አበባ አላት። ጂጋንቴያ ስሟ እንደሚለው ትልቅ ናት፤ ቅጠሏም በላይም በታችም ያጣብቃል።

መለየቱ ነው ፈተናው። ቅጠል ያታልላል፤ የአንዷ ተክል ቅጠል እንኳ እንደ ብርሃኑና እንደ ወቅቱ መልኩን ይቀያይራል። ስለዚህ አበባው እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው። የክንፎቹ ስፋትና ቀለም፣ የጉሮሮው ነጠብጣብ፣ ከኋላ የሚወርደው ጅራት ርዝመት ይታያል። ይህም ሁልጊዜ አይበቃም። በሂዳልጎ ግዛት ባለ የማዕድን ማውጫ ስም የተጠራችው ሞራኔንሲስ ከቦታ ቦታ በጣም ስለምትለያይ፣ በተለያየ ጊዜ ብዙ ስም ወጥቶላታል። «ቬዘር» እና «ሴቶስ» የሚባሉት ታዋቂ ዲቃላዎች ደግሞ ወላጆቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው ሁሉ ያምታታቸዋል። በእኔ እምነት ከማሰሮው ጋር የመጣችው መለያ ካርድ፣ በተለይ ተክሉ የተገኘበት ቦታ ከተጻፈባት፣ ከማንኛውም ጎበዝ ዓይን ትበልጣለች።

አገሯን ማወቅ ለማሳደግም ይጠቅማል። የሜክሲኮ ዝናብ እንደ እኛው ክረምት በሰኔ ገደማ ይገባል። ያኔ ሰፋፊ የሚያጣብቁ ቅጠሎች ታወጣለች። በጋ ሲገባ እነሱን ትጥልና ትናንሽ ወፋፍራም፣ ነፍሳት የማይዙ ቅጠሎችን ትደረድራለች። በዚህ ጊዜ እንደ ክረምቱ ካጠጧት ትበሰብሳለች፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች ጸባያቸው ሌላ ነው። ብርድ ሲመጣ ጥቅጥቅ ወዳለች እንቡጥ ይሰበሰባሉ። ያለ ብርድ፣ በሞቀ ሳሎን ውስጥ ብዙም አይዘልቁም።

ውሃው የዝናብ ወይም የተጣራ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ያጠራቅማል። አፈሩ ፐርላይትና ቨርሚኩላይት (ሁለቱም በሙቀት የተነፉ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪዎች ናቸው) ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። ማዳበሪያ አፈሩ ላይ አይጨመርም። ምግቧን ከእርጥብ የአበባ አፈር የሚፈለፈሉት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ያመጡላታል። መስኮት ላይ ከሌሎች ተክሎች ጋር ካስቀመጧት ሥራዋን ራሷ ትሠራለች።

ከዱር መንቀል ግን ነውር ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች የሚገኙት በጥቂት ገደሎች ላይ ብቻ ነው። ለማራባት ደግሞ ዱር መሄድ አያስፈልግም። በበጋ ከወጡት ወፍራም ቅጠሎች አንዱን ከነነጭ ግርጌው ነቅሎ እርጥብ አሸዋ ላይ ማስተኛት ነው። በሳምንታት ውስጥ ትናንሽ ችግኞች ይወጣሉ። እነዚህ የእናቲቱ ግልባጭ ስለሆኑ የእሷው መለያ ካርድ ይጻፍላቸዋል። ከዘር የበቀለች ግን አባቷ ሌላ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል፣ አበባዋ እስኪታይ የካርዷ ግማሽ ባዶ ይቆያል።