«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»

ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ከታላላቆቹ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ዳኛው የሚፈርደው ሰውየው በልቡ በያዘው ሳይሆን ከአንደበቱ በወጣው ነው። ልብስም የሚቀደደው ፈትሉ ስለሳሳ ብቻ አይደለም፤ ያለ አግባብ ከጎተቱት ወፍራሙ ጋቢም ይተረተራል።

የአባባሉ ፊተኛ ግማሽ የመጣው ከሙግት መሆኑን «ይፈረዳል» የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል። በድሮው «በልሃ ልበልሃ» ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በቃል ይሟገቱ ነበር። እውነት ይዞ የመጣ ሰው እንኳ አንዲት ቃል ቢስት ባላጋራው ያቺኑ ቃል ይዞ ይረታዋል።

እኔ የአባባሉን ክብደት የተረዳሁት ችሎት ላይ ሳይሆን ኮምፒውተር ፊት ነው። ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ሳደራጅ «ያልከፈሉትን ተማሪዎች አውጣልን» ተባልሁ። የኮምፒውተር መዝገብ በሚጠየቅበት በኤስኪውኤል ቋንቋ «ቁጥራቸው በከፋዮች ዝርዝር ውስጥ የሌለ» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አንድም ሰው የለም የሚል ሆነ። ገንዘብ ያዧ ግን ያልከፈሉትን በስም ታውቃቸው ነበር። አምሽቼ ስፈትሽ፣ አንድ ደረሰኝ ላይ የተማሪው ቁጥር ሳይሞላ ቀርቷል።

ያ ባዶ ቦታ ኑል ይባላል። ዜሮ አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ቋንቋ ሦስት ፍርዶች አሉት፦ እውነት፣ ሐሰት፣ አይታወቅም። የአንድ ተማሪ ቁጥር ካልታወቀው ቁጥር ይለይ እንደሆነ ሲጠየቅ «አይታወቅም» ይላል፤ የሚያወጣው ደግሞ «እውነት» የተባለውን ብቻ ነው። ኑል ከሌላ ኑል ጋር እንኳ እኩል አይባልም። «ኖት ኢን» (በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ) ባልሁበት «ኖት ኤግዚስትስ» (እንዲህ ያለ ደረሰኝ የሌለው) ብል ኖሮ ስሞቹ ይወጡ ነበር።

ታዲያ ለምን አይታረምም? የኮምፒውተር ሊቁ ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ ያወጣው በ1970 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይሞንድ ቦይስ «ሲክወል» ያሉትን ቋንቋ አቀረቡ፤ ስሙ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ሆኖ በመገኘቱ አጥሮ ኤስኪውኤል ሆነ። በ1986 የአሜሪካ ደረጃ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ ይጨመርበታል እንጂ የቀድሞው እምብዛም አይነቀልም፤ በአሮጌው አነጋገር የተጻፈ የባንክና የመንግሥት መዝገብ ሁሉ በላዩ ቆሟልና። ባዶን ከባዶ በአግባቡ የሚያነጻጽረው አገላለጽ እንኳ የተጨመረው በ1999 ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬም ይደንቀኛል። በጽሑፍ «ሴሌክት» (ምረጥ) ይቀድማል፤ ትእዛዙ የሚተረጎመው ግን ከ«ፍሮም» (ከየትኛው መዝገብ) ተነሥቶ፣ በ«ዌር» (የትኞቹን) ተጣርቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ «ሴሌክት» የሚደርሰው። በአማርኛ ብንለው «ከመዝገቡ፣ ያልከፈሉትን፣ ስማቸውን አውጣ» ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉ በቋንቋችን ውስጥ አለ! ስለዚህ የማስተምራቸው ልጆች ከመጻፋቸው በፊት ጥያቄያቸውን በአማርኛ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ «እኩል» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «ቁጥራቸው ያልተሞላውስ?» ብላ ጠየቀችኝ።