ቻይናውያን ስደተኞች የደረሰባቸውን በደል በሰነድ ስናስተምር የምንስታቸው ነገሮች

አሜሪካ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚያግድ ሕግ አወጣች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ታሪክ በዘመኑ ደብዳቤ፣ ካርቱንና መዝገብ ማስተማር ጥሩ ነው። ግን ተደጋግመው የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ጥላቻው የተራ ሰው ነበር፤ መንግሥት የለበትም»

ሕጉን ራሱን ለተማሪው ስጡት። ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ፈርመውበታል። ለ10 ዓመት ተብሎ የወጣው ሕግ እየተራዘመ እስከ 1943 ቆየ። ሲሻርም የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

«ቻይናውያኑ ዝም ብለው ተቀበሉት»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። የስድብ ካርቱን ብቻ ካሳየን፣ ተማሪው የሚሰማው የተሳዳቢውን ድምፅ ብቻ ነው። የሜሪ ቴፕን ደብዳቤ አስነብቡት። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ልጇን ሜሚን ቻይናዊት ናት ብለው ከትምህርት ቤት መለሷት። ወላጆቿ ከሰሱ፤ በ1885 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ባለሥልጣናቱ ግን በአዲስ ሕግ ለቻይናውያን ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እናትየው ለትምህርት ቦርዱ ጻፈች፦ «ቻይናዊ ሆኖ መወለድ ነውር ነው? ሁላችንንም የፈጠረን እግዚአብሔር አይደለም ወይ!!!» ቃለ አጋኖዎቹ የራሷ ናቸው። ደብዳቤው የሰዋስው ስህተትም አለበት። አታርሙት፤ ንዴቷ እንዳለ ይነበብ።

ወንግ ኪም አርክም አለ። እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ፣ ቻይና ደርሶ ሲመለስ አትገባም ተባለ። ተሟግቶ፣ እዚያ በመወለዱ ዜጋ ነው ተብሎ በ1898 ረታ። አሜሪካ የተወለዱ የኛ ልጆችም ከልደታቸው ጀምሮ ዜጋ ሲባሉ የኖሩት በዚሁ ፍርድ መሠረት ነው።

«የመንግሥት መዝገብ ከሆነ እውነት ነው»

ከ1910 እስከ 1940 ስደተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባለችው ኤንጀል ደሴት ላይ ይመረመሩ ነበር። በመንደርህ ስንት ቤት አለ? የሩዝ ማስቀመጫችሁ የት ነው? መልሱ ከዘመድ ቃል ጋር ካልገጠመ መባረር ሊመጣ ይችላል። ብዙዎች የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነን ብለው የገቡ ስለነበሩ መልሱን በቃላቸው ይሸመድዱ ነበር። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ይጠይቅ፦ ይህን ማን ጻፈው? መላሹ ቢሳሳት ምን ያጣል? የታሰሩት ግድግዳው ላይ የቀረጿቸውን ግጥሞችም ከመዝገቡ ጎን አቅርቡለት።

«ስድቡን ማሳየት ጥላቻ ማስተማር ነው»

ደብቀን በደሉን ማስረዳት አንችልም። ስድብ እንደሚያዩ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እንደ ሜሪ ቴፕ ያለውን የመልስ ደብዳቤም አብራችሁ ስጡ። አንዱን ልጅ መርማሪ፣ ሌላውን ስደተኛ አድርጎ ድራማ ማሠራቱን ግን ተዉት።