ከቤት ደጃፍ እስከ ውሳኔ፦ የመረጃ አጠቃቀም በጎንደር

በጎንደርና በዙሪያዋ መረጃን ለመንግሥት ውሳኔ የማዋል ልማድ ሥር የሰደደው ከሁሉ በላይ በጤናው ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀ ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ወረዳ ይልክ ነበር፤ ዛሬም ተማሪው «ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ወጣሁ» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው።

የልማዱ ትልቁ ፍሬ ከከተማዋ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳባት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት የምርምር ማዕከል፣ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ በተመረጡ ቀበሌዎች ያሉ ቤተሰቦችን በቋሚነት ይከታተላል። መረጃ ሰብሳቢዎች ደጃፍ ለደጃፍ እየተመላለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አገር እንደለቀቀ ይመዘግባሉ። ሰው የሞተበት ቤት ሲኖር ሐዘኑ ጋብ ሲል ተመልሰው ይጠይቃሉ፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ተኛ? ያስለው ነበር? ሐኪሞች መልሱን አንብበው የሞቱን መንስኤ ይለያሉ። የሆስፒታል መዝገብ ብቻ ቢታመን ኖሮ፣ ቤቱ ተኝቶ የሞተ ገበሬ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ ባልተቆጠረ ነበር።

የመደበኛው ሪፖርት መንገድ ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያ አስቀመጠ፤ የእያንዳንዱ ቤት መረጃም በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ «የቤተሰብ ማኅደር» በሚባል አቃፊ ይያዛል። የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል። ሀያ ሲሞላ ታሊው፣ ማለትም አገልግሎት በተሰጠ ቁጥር የተጫረው የቆጠራ ምልክት፣ ይደመራል፣ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ያልፋል፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገባውም ዲኤችአይኤስ ቱ በተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ አውጥተው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ይህች ትንሽ ማመሳከሪያ ከማንኛውም ባለ ቀለም ሰሌዳ ትበልጣለች፤ መዝገቡ ከተሳሳተ የሚያምረው ግራፍ ስሕተቱን ብቻ ነው የሚያሳምረው።

ውሳኔው የሚወለደው በጤና ጣቢያው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ወርኃዊ ስብሰባ ነው። የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል የጀመሩ እናቶች ብዙ፣ በተቋም የወለዱት ግን ጥቂት ከሆኑ፣ ጥያቄው የት ቀሩ የሚል ይሆናል። መንገድ ከሆነ አምቡላንስ፣ ርቀት ከሆነ የእናቶች ማቆያ፣ ባህል ከሆነ ገንፎና የቡና ሥርዓት ማዋለጃው ድረስ ማምጣት። ፈጠራ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ትልቁ እንቅፋት አካፋዩ፣ ማለትም የአገልግሎት ሽፋን ሲሰላ የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207,044 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ተፈናቃይ ሲመጣ፣ ከገጠር ለአገልግሎት የመጣች እናት ልጇን ከተማ ውስጥ ስታስከትብ፣ ሽፋኑ ከመቶ በመቶ ያልፋል፤ ከጎረቤት ወረዳ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይጎድላል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይህን ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሊደፍን ይችላል፤ ልደትና ሞት በየቀበሌው በጊዜው ከተመዘገበ።

በውኃው ዘርፍም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን በየዓመቱ ካልለኩት ከተማዋ ስንት ቀን ውኃ እንዳላት አይታወቅም። የሰው ስምና ሕመም የያዘ መዝገብ እንዴት እንደሚጠበቅ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይደነግጋል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ደረሰ። እንደ ዳባቱ ያለ መዝገብ በእንዲህ ያለ ጊዜ እጅግ ስስ ነው፦ በሁለት ዙር ጉብኝት መካከል ተወልዶ የሞተ ሕፃን፣ ቤተሰቡ ካላነሣው፣ በልደቱም በሞቱም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።