ጨቅላ ከዋክብት፦ ከጨለማ ደመና እስከ ቢጫ ኳሶች

ኮከብ ሲወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ ሰው የለም። ሊኖርም አይችልም። የፀሐያችን ዓይነት ኮከብ ከጋዝ ተነስቶ ለአቅመ ኮከብ እስኪደርስ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የስነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። በየእድሜው ያሉ ብዙ ከዋክብትን ያያሉ፣ ከዚያ ታሪኩን ይገጣጥማሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከብርድ ነው። ከዋክብት የሚወለዱባቸው የጋዝና የአቧራ ደመናዎች ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛሉ። ጋዝ ሲሞቅ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ለስበት እጁን ይሰጣል። መቼ እንደሚሸነፍ እ.ኤ.አ. በ1902 በስሌት ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጂንስ ነው። የተሸነፈው የጋዝ ጉብታ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ እየጠበበ ሲሄድም ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። መሃሉ ይግላል፣ ዙሪያው ደግሞ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚህ ዝርግ ነው። የመሃሉ ሙቀት 10 ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል፣ ኮከቡም ራሱን ችሎ ይቆማል።

ችግሩ አቧራው ነው። ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ድርግም ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 የስነ ፈለክ ተመራማሪው ባርት ቦክ እና ባልደረባው ኢዲት ራይሊ በሰማይ ላይ ያሉ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች የከዋክብት ማህፀን ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ጥርጣሬው እስኪረጋገጥ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ውስጡን ለማየት አቧራውን ዘልቆ የሚወጣውን፣ ኢንፍራሬድ የተባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልግ ነበራ!

ዛሬ መሣሪያ ሞልቷል። በቺሊ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉት አልማ የተባለው ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኤችኤል ታውሪ የተባለውን ጨቅላ ኮከብ አነሱ። ምስሉ ብዙዎችን አስደነገጠ። የኮከቡ እድሜ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ብዙም አይዘልም፣ ዝርጉ ግን ከወዲሁ በቀለበት ተከፋፍሏል። ፕላኔቶች ከተገመተው በፊት መሠራት ይጀምራሉ ማለት ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ምስሎች ለሕዝብ ማሳየት የሥራው ግማሽ ነው። ሰው አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሙ የእውነት ነው?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም። ኢንፍራሬድ ለዓይን ስለማይታይ ቀለም የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው። ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር ደግሞ ከምስሉ ውበት ምንም አይቀንስም ባይ ነኝ።

ሕዝቡም ተመልካች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሚልኪ ዌይ ፕሮጀክት ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን የኢንፍራሬድ ምስሎች ለፈቃደኞች ክፍት አደረገ። ከ35,000 የሚበልጡ ሰዎች ገብተው በትኩስ ከዋክብት ዙሪያ የሚነፉ ከ5,000 በላይ የጋዝ አረፋዎችን ለቀሙ። ዋናው ሥራ ያ ነበር። ነገር ግን አንዳንዶቹ ማንም ያላዘዛቸውን ጠየቁ፦ «እነዚህ ትንንሽ ቢጫ ኳሶች ምንድን ናቸው?» ቢጫው በምስሉ ላይ በአረንጓዴና በቀይ የተወከሉት ሁለት የኢንፍራሬድ ዓይነቶች ሲደራረቡ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሬ ብለው ሲያጠኑት ብዙዎቹ ኳሶች ግዙፍ ከዋክብት ገና አረፋ ሳይነፉ የሚገኙበት ለጋ ደረጃ ሆነው ተገኙ። በመጀመሪያው ጥናት ብቻ ከ900 በላይ ተመዘገቡ። ስማቸውም ፈቃደኞቹ እንደጠሯቸው ቀረ፦ ቢጫ ኳሶች።