ቶኒ ጋርኒዬ፦ ስለ ሊዮኑ አርክቴክት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጋርኒዬ የሚለው ስም በተነሳ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፓሪስ፣ በወርቅ ወዳጌጠው ኦፔራ ቤት ይሄዳል። እኔ የምጽፍለት ቶኒ ጋርኒዬ ግን ሌላ ነው። እሱ የሠራው ቄራ፣ የላም በረት፣ ሆስፒታል፣ ስታዲየምና የሠራተኛ መኖሪያ ሲሆን አብዛኛውንም የሠራው በተወለደባት የፈረንሳይ ከተማ በሊዮን ነው። ስለ እሱ የሚነገረው ነገር ግማሹ አጉል ውዳሴ፣ ግማሹ ደግሞ አጉል ወቀሳ ሆኖ ስላገኘሁት ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስሕተቶች ላንሳ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የፓሪሱን ኦፔራ ቤት የሠራው እሱ ነው፤ ካልሆነም ዘመዱ ነው»

የኦፔራ ቤቱ አርክቴክት ሻርል ጋርኒዬ ይባላል፤ በ1825 ተወልዶ በ1898 አረፈ። ቶኒ ጋርኒዬ የተወለደው በ1869 ነው። በመካከላቸው ዝምድና የለም፤ የሚያገናኛቸው የቤተሰብ ስምና ሙያ ብቻ ነው።

የቶኒ ቤተሰብ የሐር ሠራተኛ ነበር። አባቱ ለሐር ጨርቅ ንድፍ ያወጣ ነበር፤ እናቱ ሸማኔ ነበረች። ያደገበት ክርዋ ሩስ የተባለው ኮረብታ የሊዮን ሸማኔዎች ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር ቤቶቹ ጣሪያቸው ከፍ ብሎ የተሠራው ለነዋሪው ምቾት ተብሎ ሳይሆን ረጅሙ የሽመና ዕቃ እንዲገባ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ሸምኖ፣ እዚያው አብስሎ፣ በጣሪያው ሥር በተቀጠለች የእንጨት ቆጥ ላይ ይተኛ ነበር። ብርሃን የሚፈለገው ለክሩ ነው፤ ሰው የሚያገኘው ከክሩ የተረፈውን ነው። የጋርኒዬን ሥራ ለመረዳት ከየትኛውም የሥነ ሕንፃ ትምህርት ይልቅ ይህን ማወቅ ይበልጥ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

«ያሰበው ሁሉ ወረቀት ላይ የቀረ ህልመኛ ነው»

ይህ ከስሕተቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ነው፤ ምክንያትም አለው። በ1899፣ ስድስተኛ ሙከራው ላይ፣ ለፈረንሳይ ወጣት አርክቴክቶች ትልቁ ክብር የሆነውን የሮም ሽልማት አሸነፈ። ተሸላሚዎች በሮም ቪላ ሜዲቺ ተቀምጠው የጥንት ፍርስራሾችን እየለኩ በንድፍ መልሰው እንዲያቆሙ ይጠበቅባቸው ነበር። እሱ ግን በ1901 ወደ ፓሪስ የላከው የአዲስ የኢንዱስትሪ ከተማ ንድፍ ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ግዴታውን ለመወጣት ቱስኩሉም የተባለችውን የጥንት ከተማ በንድፍ መልሶ ሠራ፤ የራሱን ከተማ ግን አልተወም፤ በ1904 ለእይታ አቀረበው። «የኢንዱስትሪ ከተማ» በሚል ርዕስ በ164 የንድፍ ሰሌዳዎች (ገጾች) በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1917 ነው።

ከተማዋ ለ35,000 ነዋሪዎች የታሰበች ናት። ከወንዙ ላይ የተገደበ ውኃ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ፋብሪካዎቹ ሜዳው ላይ፣ መኖሪያው ከፍ ባለው አምባ ላይ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከቀዝቃዛ ነፋስ ተከልሎ ወደ ፀሐይ ዞሯል። ቤተ ክርስቲያን፣ እስር ቤት፣ የጦር ሰፈር፣ ፍርድ ቤት የለባትም። በዚህ የተነሳ «የማይሆን ምኞት» ይሏታል።

የቤት አሠራር ደንቦቿን የሚያነብ ግን ህልም አያገኝም። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ አንድ መስኮት ወደ ደቡብ ይኑረው፤ ምንም ያህል ትንሽ ክፍል ቢሆን ብርሃንና አየር በቀጥታ ከውጭ ያግኝ፤ ጠባብና ጨለማ የውስጥ ግቢ አይፈቀድ። እነዚህ ተግባራዊ ሊሆኑ የሚችሉ የሕንፃ ሕጎች ናቸው። በሽመና ዕቃ ጥላ ሥር ያደገ ልጅ የጻፋቸው ሕጎች ናቸው ብልም ማጋነን አይመስለኝም።

ህልመኛ አለመሆኑን የሚያስረዳው ደግሞ ከሮም እንደተመለሰ ከሊዮን ከተማ የተቀበለው የመጀመሪያ ሥራ ነው። በ1904 እና 1905 ቴት ዶር በተባለው የሊዮን ትልቅ መናፈሻ ውስጥ የላም በረትና የወተት ማምረቻ ሠራ፤ ዓላማው ለሕፃናት ንጹሕ ወተት ማቅረብ ነበር። ያን ያህል ሰፊ ከተማ የነደፈ ሰው ከላሞች በረት መጀመሩን ብዙዎች እንደ ውርደት ያዩታል። ለእኔ ግን በወረቀት የነደፋት ከተማ የመጀመሪያ ቁራጭ ናት። በ1905 ኤዱዋር ኤርዮ የሊዮን ከንቲባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሊዮን ለጋርኒዬ አንዱን ትልቅ ሥራ በሌላው ላይ ሰጠችው።

«ሐሳቡን ከሌ ኮርቢዚዬ ወሰደ»

የተገላቢጦሽ ነው። ጋርኒዬ በ1901 ንድፉን ሲልክ፣ ኋላ የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ዝነኛ አርክቴክት የሆነው ሌ ኮርቢዚዬ ገና የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ወጣት ሳለ ሊዮን ድረስ ሄዶ ጋርኒዬን አግኝቶታል፤ በ1920ዎቹም የጋርኒዬን ንድፎች በጽሑፎቹ አሳትሟል። ግራ መጋባቱ የመጣው መጽሐፉ በ1917 በመውጣቱ ይመስለኛል፤ አንባቢው የኅትመቱን ዓመት አይቶ ሐሳቡም ያን ጊዜ የተወለደ ይመስለዋል።

«ፋብሪካን ከመኖሪያ በመለየቱ የዛሬዎቹ ቀዝቃዛ ሰፈሮች አባት እሱ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ሥራን፣ መኖሪያንና ሕክምናን በየቦታቸው መለየቱ እርግጥ ነው፤ ተከታዮቹም ይህንኑ መዘው ወስደዋል። የወሰዱት ግን መለየቱን ብቻ ነው። በጋርኒዬ ከተማ ትምህርት ቤቶቹ በመኖሪያው መካከል ናቸው። ከመኖሪያው መሬት ከግማሽ በታች ብቻ ይገነባበታል፤ የቀረው አጥር የሌለው የሕዝብ አትክልት ስፍራ ነው። እግረኛ የመኪናውን መንገድ መከተል ሳያስፈልገው በዛፎች መካከል ከተማዋን በፈለገው አቅጣጫ ያቋርጣታል። ጭሱን ከሰው ማራቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው ማራቅ ሌላ። እሱ የፈለገው የፊተኛውን ነው።

«የጋርኒዬ አዳራሽ ለኮንሰርት የተሠራ የኮንክሪት ሕንፃ ነው»

በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሙዚቃ የሚያደምጥበት ይህ አዳራሽ ላ ሙሽ በተባለው ሰፈር የተገነባው የከተማዋ ቄራ አካል፣ የከብት ገበያው ነበር። ርዝመቱ 210 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሜትር ሲሆን መካከሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ይህን የቻለው ደግሞ በኮንክሪት አይደለም፤ ጣሪያውን የተሸከሙት የብረት ቅስቶች ናቸው። ጋርኒዬ የኮንክሪት ሰው ነው ስለተባለ ሁሉም ሥራው ኮንክሪት ይመስላቸዋል። ጣሪያው እንደ ደረጃ እየተነባበረ ወደ ላይ ይወጣል፤ በየደረጃው ባለው መስታወት ብርሃን ይገባል። ለከብት እንኳ ብርሃን አልነፈገም።

ታሪኩም ቀጥ ያለ አይደለም። ሕንፃው በ1914 ሲደርስ በመጀመሪያ ያስተናገደው ከብት ሳይሆን ሊዮን ያዘጋጀችውን ዓለም አቀፍ የከተሞች ኤግዚቢሽን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኤግዚቢሽኑን አቋረጠው፤ አዳራሹም የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሆነ። ቄራው በይፋ ሥራ የጀመረው በ1928 ሲሆን በ1974 ተዘጋ። አብዛኛው የቄራው ክፍል ፈረሰ፤ ይህ አዳራሽ ግን በ1975 በቅርስነት ተመዝግቦ ዳነ። አዲስ አበባ ላይ ቄራው ለሰፈሩ ስሙን ሰጠ፤ ሊዮን ላይ ቄራው ተረስቶ የአርክቴክቱ ስም ቀረ።

ከአዳራሹ ብዙም የማይርቀው የዠርላን ስታዲየምም እንዲሁ ነው። ለእግር ኳስ ክለብ የተሠራ ይመስላል እንጂ መነሻው የአትሌቲክስና የብስክሌት ውድድር ነው። በጦርነቱ ዓመታት ከሠሩበት መካከል የጀርመን የጦር ምርኮኞች ነበሩበት። ዛሬ ከጋርኒዬ ሥራ ጎልተው የሚታዩት አራቱ ግዙፍ የቅስት በሮች ናቸው።

«ሆስፒታሉ ሲከፈትም ጊዜው ያለፈበት ነበር»

ግራንዥ ብላንሽ ሆስፒታል፣ ዛሬ በከንቲባው በኤርዮ ስም የሚጠራው፣ ግንባታው በ1913 ተጀምሮ ጦርነት አዘግይቶት በ1933 ተከፈተ። አንድ ትልቅ ሕንፃ ሳይሆን በአትክልት መካከል የተበተኑ ዝቅተኛ ሕንፃዎች ስብስብ ነው። በዚያን ጊዜ ፓሪስ አጠገብ በአንድ ሕንፃ ወደ ሰማይ የቆሙ ሆስፒታሎች መሠራት ጀምረው ስለነበር ተቺዎቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ሆኖም ሁለት ነገር ይረሳል። ሕንፃዎቹ የተለያዩት ተላላፊ በሽታ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመትና ሕመምተኛው ፀሐይና አየር እንዲያገኝ ነው። ደግሞም ከላይ ይለያዩ እንጂ ከመሬት በታች ባሉ መተላለፊያዎች ተያይዘዋል፤ ሕመምተኛውና ዕቃው ዝናብ ሳይነካቸው ይሄዳሉ። ሆስፒታሉ ዛሬም እያከመ ነው።

«የኤታ ዙኒ ሰፈር አሜሪካኖች ያሠሩት ነው፤ ሥዕሎቹን የሣለውም ጋርኒዬ ነው»

ኤታ ዙኒ በፈረንሳይኛ ዩናይትድ ስቴትስ ማለት ነው። ስሙ የመንገዱ ስም ነው፤ አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሊዮን ለክብሯ ሰየመችው። መኖሪያ ቤቶቹን ያሠራችው ሊዮን ራሷ ናት። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች ተገነቡ፤ ሠራተኛው ቤተሰብ በዘመኑ ብርቅ የነበረውን ነገር፣ በየቤቱ ቧንቧ ውኃና መጸዳጃ፣ አገኘ። ሕንፃዎቹ ጋርኒዬ እንዳሰበው ግን አልሆኑም። ባለ ሦስት ፎቅ እንዲሆኑ ፈልጎ ነበር፤ ቤት የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለነበር አምስት ፎቅ ሆኑ። በደቡብ ፀሐይ ላይ ያወጣው ደንብ በእነዚህ ሁለት ፎቆች ጥላ ምን ያህል እንደተጎዳ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ጋርኒዬ በ1948 አረፈ። በሕንፃዎቹ ጎን ያሉት ግዙፍ ሥዕሎች የተጀመሩት ከዚያ 40 ዓመት ቆይተው በ1988 ነው። ሰፈሩ አርጅቶ ሲታደስ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የአርክቴክታቸው ሥራ እንዲታወስ ጠየቁ፤ የግድግዳ ሠዓሊዎች ማኅበርም የ«የኢንዱስትሪ ከተማ»ን ንድፎች በግድግዳዎቹ ላይ አጉልቶ ሣላቸው። ከእነሱ ጎን ከተለያዩ አገሮች የተጋበዙ ሠዓሊዎች፣ የግብፅና የኮትዲቯርም ጭምር፣ የየራሳቸውን የምኞት ከተማ ሠርተዋል። በወረቀት ቀረ የተባለው ከተማ አሁን ሠራተኞች በሚኖሩበት ግድግዳ ላይ ይታያል።

«በዚያ ዘመን ሊዮን ውስጥ የተሠራ ዘመናዊ ሕንፃ ሁሉ የእሱ ነው»

የሊዮን የሠራተኞች ማኅበራት አዳራሽ የሻርል ሜይሶን ሥራ ነው። በአጎራባቿ ቪለርባን ያሉት ሰማይ ጠቀሶች ደግሞ የሞሪስ ለሩ ናቸው። በሌላ በኩል የእሱ ሆነው ሳለ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃቸው አሉ። ከመካከላቸው እኔ የማስቀድመው በ1920ዎቹ መጨረሻ በክርዋ ሩስ ኮረብታ ላይ የጀመረውን ትምህርት ቤት ነው። የሸማኔዋ ልጅ እዚያ ኮረብታ ላይ የሠራው የሽመና ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬም ተማሪዎች ይማሩበታል።