በፖከር ካርታን ያለጊዜው መግለጥ፦ ሕጉና ወጉ

በፖከር ካርታ ያለጊዜው ሲታይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ምንም ያላጠፋው፣ ገና ተራው ያልደረሰው ተጫዋች ነው። ሕጉም በዋናነት የተሠራው ለእሱ ነው። እዚህ የሚብራራው ለእያንዳንዱ 2 ካርታ ታድሎ መሃል 5 የሚገለጥበት ቴክሳስ ሆልደም ነው።

ጅማ ውስጥ በወዳጆች ቤት ሲጫወቱ እደላው በተራ ይዞራል፤ ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። የጅማ በርጩማ ዝቅ ያለ ነውና አዳዩ ካርታውን ከፍ አድርጎ ከወረወረ ፊቱ ለተቀመጡት ይታያል። ካርታው ጠረጴዛውን ታክኮ መንሸራተት አለበት። ተቀባዩም በአንድ እጁ ከልሎ ጥጉን ብቻ ቀና አድርጎ ይይ።

በእደላ ላይ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ካርታ ከተገለጠ፣ ወይም በጠቅላላው 2 ካርታ ከታየ፣ እደላው ፈርሶ እንደገና ይበወዛል። ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ከታየ እደላው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ለባለቤቱ ምትክ ይሰጠዋል፣ የታየውም የሚወገደው ካርታ፣ ማለትም መሃል ካርታ ከመገለጡ በፊት ተደፍቶ ጎን የሚደረገው፣ ይሆናል።

መሃል መጀመሪያ የሚገለጡት 3 ካርታዎች ውርርድ ሳያልቅ ከወጡ ከቀሪው ጋር ተበውዘው አዲስ 3 ይወጣሉ። ቀድሞ ተደፍቶ የተወገደው ባለበት ይቆያል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ሌላ ካርታ ያስወግዳሉ፣ ስህተት ነው። 4ኛው ከቀደመ ለጊዜው ጎን ይቀመጣል፤ ውርርዱ ሲያልቅ አንድ ተወግዶ ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል። ከቀጣዩ ውርርድ በኋላ የተቀመጠው ከቀሪው ጋር ተበውዞ፣ ሌላ ሳይወገድ 5ኛው ይገለጣል። በዚህ መንገድ የቀደመው ካርታ የመውጣት ዕድሉን አያጣም።

ተጫዋች የራሱን ካርታ ቢያሳይ እጁ (የያዘው ካርታ) አይሰረዝም፣ ግን ሊቀጣ ይችላል። ለአንዱ ያሳየ ለሁሉም ያሳያል። በአፍ ማሳየትም ያው ነው፦ መሃል 2 ኪንግ ሲወጣ ካርታውን የጣለ ሰው «ወይኔ!» ካለ፣ ኪንግ መጣሉን ስለሚያሳብቅ ኪንግ የያዘ መስሎ ለማስፈራራት ያሰበውን ጎዳው። ለልምምድ በቡና ፍሬ ቢጫወቱም ይህ ነውር ነው።

ሁለት ሰዎች ያላቸውን ሁሉ አስይዘው ሦስተኛው ገና ካልወሰነ ካርታ አይገለጥም። ውርርዱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያሳየው በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ ያስያዘ ወይም የጨመረ ነው፤ ማንም ካላስያዘ ከአዳዩ በስተግራ ያለው ይጀምራል። አሸናፊው ገንዘቡ እስኪሰጠው ካርታውን አይልቀቅ፤ ደፍቶ ከተጣሉት ጋር ከቀላቀለው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ይሰረዛል።